ቁመቱ ከፍ ያለው የጅማ በርጩማ፣ ከ8 ወር በኋላ

ይህን በርጩማ ያሠራሁት ጥር ላይ ነው። አሁን መስከረም ሊያልቅ ነው። በእነዚህ ስምንት ወራት፣ ከክረምቱ በቀር፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ተቀምጬበታለሁ። ሽንኩርት ከትፌበታለሁ፣ ልብስ አጣጥፌበታለሁ፣ ቡና ቆልቼበታለሁ፣ ክረምቱ መግቢያ ላይ ደግሞ ተቀምጬበት ያለቀስኩባቸው ቀናት ነበሩ። ስለዚህ ጥሩውንም ጉድለቱንም አውቀዋለሁ። ፎቶውን የለጠፍኩ ጊዜ "የት ነው ያሠራሽው? ስንት ነው? እውነት ይረዳል ወይ?" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚህ አንድ ላይ ልጻፈው።

መጀመሪያ ለምን እንዳስፈለገኝ ልንገራችሁ። ኤም ኤስ አለብኝ፤ ሙሉ ስሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ራሱን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን አለው፣ ማይሊን ይባላል። እሱ ሲላጥ ከአንጎል የተላከው መልእክት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይደርስም። ብዙ ጊዜ በ20 እና በ40 ዓመት መካከል ይጀምራል፣ ሴቶችን ደግሞ ከወንዶች በእጥፍና ከዚያም በላይ ይይዛል። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሕሙማን እንዳሉ ተገምቶ ነበር። የሚበዛው ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ነው። እኛ ጋ ብዙም ስለማይታወቅ ስሙን ለማግኘት እንኳን ጊዜ ይፈጃል። እኔን በ29 ዓመቴ ነው የጀመረኝ። መጀመሪያ ግራ ዓይኔ ደበዘዘ። ዓይኔ ሲሻለው እግሬ ደነዘዘ። አንድ ቦታ "ጭንቀት ነው፣ ብዙ አታስቢ" ብለው መለሱኝ። ሁለት ዓመት ከዞርኩ በኋላ፣ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ኤም አር አይ የሚባለውን የአንጎል ምስል ተነስቼ ነው የታወቀው።

የዓይኑንና የእግሩን ነገር ሰው ይረዳል። ድካሙን ግን የሚረዳ የለም። ከኤም ኤስ ጋር ከሚኖሩ አራት ሰዎች ቢያንስ ሦስቱ ይህ ድካም አለባቸው፤ ብዙዎቹም ከምልክቶቹ ሁሉ የከፋው እሱ ነው ይላሉ። ሥራ ሲሠሩ ውለው የሚመጣ ድካም አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ፣ ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ ክንዴ ይዝላል። እርጥብ ከሰል ላይ እንደ ማራገብ ነው፤ ታራግባላችሁ፣ ታራግባላችሁ፣ የሚወጣው ጭስ ብቻ ነው። ከውጭ ደግሞ ምንም አይታይም። ፊቴ ደህና ነው፣ ጸጉሬ ተሠርቷል፣ ታዲያ ምን ሆነች? ሰነፈች ይባላል። ኮራች ይባላል። በእኛ ሰፈር ቡና ተራ አለው፤ ዛሬ እኔ ጋ፣ ነገ አንቺ ጋ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ተራዬን አላደረስኩም። ሰው ቤት ጠጥቼ እመለሳለሁ፣ የኔን አላፈላም። በኋላ አፈርኩና ሰው ቤት መሄዱንም ተውኩት።

የጅማ በርጩማ ያምራል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ መቀመጫው ጎድጎድ ብሎ፣ ሦስት እግር ኖሮት፤ እኛ ቤት ከአያቴ የቀረ አንድ አለ። ግን ዝቅተኛ ነው። ለመቀመጥ ቀላል ነው፣ ለመነሳት ግን ጉልበት ይፈልጋል፣ እኔን ደግሞ የሚከዳኝ እዚያ ላይ ነው። አንድ ቀን ጀበናውን ይዤ ልነሳ ስል አቃተኝና የጎረቤት ልጅ ጎትቶ አነሳኝ። ወጥ ቤት ቆሜ ልሥራ ስል ደግሞ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እግሬ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አዲስ አበባ ያየኝ የነርቭ ሐኪም "ተቀምጠሽ መሥራት የምትችይውን ነገር ቆመሽ አትሥሪ፤ አቅምሽ እንደ ደሞዝ ነው፣ አብቃቂው" ብሎኝ ነበር። ምክሩ ጥሩ ነው። የሚያስቀምጥ ዕቃ ግን ያስፈልገዋል። ሱቅ ያሉት ረጃጅም ወንበሮች ይሽከረከራሉ፣ ሚዛኔ ስለሚዛባ ለኔ አደገኛ ናቸው። የፕላስቲክ ወንበር ደግሞ ለወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ያጥራል።

ስለዚህ ማሠራት ነበረብኝ። መጀመሪያ የሄድኩበት ሰው ጋ፣ ስሙን አልጠራም፣ የነገርኩትን በቅጡ ሳይሰማኝ የድሮውን በርጩማ እግሩን ብቻ አስረዝሞ ሰጠኝ። ሦስት እግር። ሦስት እግር የራሱ ጥቅም አለው፤ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳን ሦስቱም መሬት ስለሚነኩ አይወዛወዝም። ዝቅ ያለ ከሆነ ችግር የለውም። ከፍ ሲል ግን በሁለቱ እግሮች መካከል ወዳለው ክፍት ጎን ትንሽ ካዘነበላችሁ ይገለበጣል። ጨው ላነሳ እጄን ስዘረጋ ከነበርጩማው ወደቅኩ። ክንዴ ሁለት ሳምንት ሰማያዊ ሆኖ ከረመ። ሂሳቡን መልስልኝ ስለው "እንዳልሽው ነው የሠራሁት" አለኝ። እናንተ ስታሠሩ ስለ እግሩ ቁጥር በደንብ ተነጋገሩ፣ ከቻላችሁም በወረቀት ሥላችሁ ስጡ።

ሁለተኛው እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ የሚሠሩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስላሉኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ገና ችግሬን ስነግራቸው "እስኪ ቁጭ በይና እንዴት እንደምትነሺ አሳዪኝ የኔ ልጅ" አሉኝ። ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ተነሳሁ። ዝም ብለው እግሬን አዩ። ከዚያ "የትኛው እግርሽ ነው ቀድሞ የሚደክመው?" ብለው ጠየቁኝ። ያለችኝን ጉልበት ስቆጥብ፣ ለሰው ሳስረዳ፣ ስለማመጥ ስንት ዓመት ኖሬ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ከሐኪም ውጪ እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ቀኙ ነው አልኳቸው። ለእግር ማሳረፊያ የሚሆነውን አግዳሚ በቀኝ በኩል ትንሽ ከፍ አድርገው ሠሩልኝ።

ልኩን ለሚፈልጉ፦ የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ቁመት 90 ሳንቲ ሜትር ነው፣ መቀመጫው 63 ሆነ። በመቀመጫውና በጠረጴዛው መካከል ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ካለ ትከሻ ሽቅብ አይነሳም፣ ጭንም ከታች አይጣበቅም። እንጨቱ ዋንዛ ነው። እግሩ አራት ነው፣ ወደ ታች ሲወርድ ከፈት ይላል። አጭር የጀርባ ድጋፍ አለው። መቀመጫው እንደ ድሮው ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ወደፊት አያንሸራትትም። ከእግሮቹ ሥር ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ተመትቶበታል። ዋጋው 4,200 ብር፣ ቀብድ 2,000 ከፈልኩ። በአሥር ቀን ይደርሳል ተብሎ 24 ቀን ፈጀ። በየሳምንቱ በባጃጅ እየተመላለስኩ "ነገ ነይ" መባሉ ለኔ ቀላል አልነበረም። አንድ መመላለስ የአንድ ቀን አቅሜን ይበላል። ልጅ ልካችሁ አጠይቁ ወይም በስልክ ጨርሱ።

አሁን ጥቅሙ። የካቲትና መጋቢት ላይ ሕይወቴ ተለወጠ ብል አላጋነንኩም። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ታውቁታላችሁ፣ መክተፉ ብቻውን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ። ለፋሲካ ተቀምጬ፣ በመሀል ጀርባዬን አስደግፌ እያረፍኩ፣ ራሴ ከተፍኩት። ልብስ መተኮስ፣ ሽሮ መንፋት፣ ዕቃ ማጠብ፣ ሁሉም ወደ እሱ መጣ። ቡናውን ረከቦቱን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ማፍላት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ጎረቤቶቼ ግራ ገብቷቸው ነበር፣ ቡና በዚህ ከፍታ ሲፈላ አላዩማ። ሦስተኛው ቀን ላይ ማንም ማስተዋሉን ተወው። ከአንድ ዓመት በኋላ ተራዬን አደረስኩ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

አንድ ነገር ግን በርጩማው ብቻውን አይፈታም፤ ሙቀት። ኤም ኤስ ያለበት ሰው ሰውነቱ ትንሽ ሲሞቅ የተጎዳው ነርቭ መልእክት ማስተላለፍ የበለጠ ያቅተዋል። ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1890 እ.ኤ.አ. ሕሙማኑ ሰውነታቸውን ሲያንቀሳቅሱ ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚደበዝዝ ጽፎ ነበር፤ ሰውነት ሲንቀሳቀስ ይሞቃልና፣ ነገሩ ዛሬም በሱ ስም ይጠራል። እኔም ከሰል ፊት ቡና ስቆላ ያ ግራ ዓይኔ ጭጋግ ይለብሳል። ቀዝቀዝ ስል ይመለሳል፤ አዲስ ጉዳት ስላልሆነ አትደንግጡ። አሁን የምቆላው በጠዋቱ፣ መስኮት ከፍቼ፣ እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ነው። እንጀራ መጋገሩን ግን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ምጣዱ ፊት ምንም ዓይነት በርጩማ አያዋጣኝም።

ጉድለቱንም ልናገር። ይከብዳል። ከክፍል ክፍል ማንሳት ለደከመ ሰው ሥራ ነው፤ መቀመጫው መሀል ላይ የእጅ መያዣ ቀዳዳ እንዲኖረው ጠይቁ፣ እኔ ረስቻለሁ። የጀርባው ቅርጻ ቅርጽ ዱቄት ይይዛል፣ ለማጽዳት ያስቸግራል። አንዱ ጎማ ሰኔ ላይ ወለቀ፤ ወስጄ በነጻ መቱልኝ። የቀለሙ ሽታ ሳምንት ያህል ራሴን አሞኛል፣ ስለዚህ በረንዳ ላይ አሳድሩት።

ወደ ሰኔው ነገር ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ብዬ ነው ማለት ይቻላል። ሰኔ ላይ በርጩማው ባዶውን መቆም ጀመረ። ዝናቡ ገብቷል፣ ጅማ ቀዝቅዛለች፣ ሙቀት የለም። እንደ ደንቡ ቢሆን የሚሻለኝ ጊዜ ነበር። መቀመጫው እዚያው አለ፣ ከሰሉ አለ፣ ቡናው ታጥቦ ተቀምጧል። እኔ ግን ከአልጋ አልወርድም። ብወርድም በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ። ድካሙ ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም በርጩማው ለጥቂት ወር ብቻ ነው የሠራልኝ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ነበር።

እማዬ ከአጋሮ መጣች። ሁለት ቀን አየችኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና "እግርሽ ነው የደከመው ወይስ ልብሽ?" አለችኝ። እግሬ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን እውነት አልነበረም። ከበርጩማው በፊት እግሬ እምቢ ሲለኝ ልቤ ተነሽ ተነሽ ይለኝ ነበር፤ ቡናው ያምረኝ ነበር፣ ሰው ይናፍቀኝ ነበር፣ ስላልቻልኩ እናደድ ነበር። አሁን መናደዱም የለም። ጎረቤት በሩን ሲያንኳኳ የሌለሁ መስዬ ዝም እላለሁ። የምወደው ነገር ሁሉ ጣዕሙ ጠፍቷል። መቆሙን በርጩማው ወስዶልኛል፣ ሙቀቱን ዝናቡ ወስዶልኛል፣ እና የቀረው ነገር ምንድን ነው? ሁለቱ ተደራርበው ስለነበር አንዱ ሲነሳ ነው ሌላው የታየኝ። ድካም ሲሆን ልብ ይፈልጋል፣ ሰውነት እምቢ ይላል። ድባቴ (ዲፕሬሽን) ሲሆን ልብ ራሱ መፈለጉን ያቆማል።

እማዬ ይዛኝ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሄድን። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ዘጠኝ ጥያቄዎች ተጠየቅሁ፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ደስታ ማጣት፣ አቅም ማጣት፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ ሌላም። ኤም ኤስ ላለበት ሰው እነዚህ ጥያቄዎች ሊያሳስቱ ይችላሉ፤ ድካሙና የእንቅልፉ ችግር ከራሱ ከበሽታው ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ ብዙዎቻችን ሌሊት ለሽንት ደጋግመን እንነሳለን። ስለዚህ ያየችኝ ሐኪም ይበልጥ የጠየቀችኝ ስለ ደስታዬና ስለ ተስፋዬ ነበር። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። በእውነት መለስኩ። እናንተም በእውነት መልሱ። ያ ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ለሚቀርባችሁ ሰው ንገሩ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የደም ማነስና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራም ታዘዘልኝ፤ እነሱም ሰውን ያደክማሉና። ደህና ነበርኩ። ከዚያ ሐኪሟ የነገረችኝን ልድገምላችሁ፣ ምክንያቱም ከትከሻዬ ላይ ድንጋይ ነው ያወረደልኝ። ከኤም ኤስ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ድባቴ ይይዛቸዋል። ታምሜአለሁ ብሎ ከማዘን ብቻ አይደለም የሚመጣው። በሽታው የሚያቆስለው አንጎልን ነው፣ ስሜት ደግሞ የሚሠራው እዚያው ነው፤ ቁስለቱ ራሱ ድባቴ ሊያመጣ ይችላል። የእምነት ማነስ አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እግዚአብሔርን ያሳዘንኩ ይመስለኝ ነበር። ጸሎቱን አልተውኩም። ሕክምናውን ጨመርኩበት።

ፍሉኦክሴቲን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት አቅለሸለሸኝ። ወዲያው አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ራሳችሁ ጀምራችሁ ራሳችሁ አታቋርጡት። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ እየሄድኩ እነጋገራለሁ። ጠዋት ጠዋት ሳይሞቅ አሥራ አምስት ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ለደከመ ሰው ሂድ ማለት ግፍ ቢመስልም በልክ ከሆነ ለድካሙም ለድባቴውም ይረዳል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት የቡና ሽታ አማረኝ። ከጎረቤት ነበር የመጣው። ተነስቼ የራሴን ቆላሁ።

ብዙ ሰው ለድካሙ ክኒን የለም ወይ ይለኛል። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት ለኤም ኤስ ድካም በብዛት የሚታዘዙ ሦስት መድኃኒቶች፣ አማንታዲን፣ ሞዳፊኒልና ሜቲልፌኒዴት፣ መድኃኒት ከሌለበት ክኒን ጋር ተወዳድረው ነበር። አንዳቸውም አልበለጡትም። ለዚህ ነው ስለ አንድ በርጩማ ይህን ያህል የማወራው። ድካሙን የሚያቃልለው እንዲህ ያለው ነገር ነው፤ መቀመጥ፣ ማረፍ፣ መቀዝቀዝ፣ በደንብ መተኛት። ድባቴው ግን የሚታከም ነው፣ መድኃኒትም ምክርም አለው፣ እሱን በድካም ስም ሸፍናችሁ አትያዙት።

ደግሞ እባካችሁ ጫት አትምከሩኝ። ስንት ሰው በቅንነት "ትንሽ ብትቅሚ ትነቂያለሽ" ብሎኛል፣ ጅማ ነውና ቅርብ ነው። ከታመምኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ለሦስት ሰዓት እውነትም ነቃሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ የለ፣ ማግስቱን ደግሞ ከነበርኩበት ጉድጓድ የባሰ ውስጥ ነበርኩ። ለኔ ዓይነት ሰው ያለችውን ትንሽ አቅም አስቀድሞ ተበድሮ መጨረስ ነው።

ነጥብ ስጪው ላላችሁኝ፦ ለድካሙ ከ10 9፤ አንዷን የቀነስኩት ለክብደቱና ለ24ቱ ቀን ነው። ለድባቴው ነጥብ አልሰጠውም፣ ሥራው አይደለም። መራመድ ፈጽሞ ለሚያቅተው ወይም ጎን ለጎን ሚዛኑ በጣም ለሚዛባ ሰው ይህ በርጩማ አይሆንም፣ የእጅ መደገፊያ ያለው ዝቅ ያለ ወንበር ይሻለዋል። የወገብ ሕመም ላለባቸውና ለነፍሰ ጡሮች ግን ያለ ኤም ኤስም ይጠቅማል፤ ጎረቤቴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና የኔን ተውሳ ሳምንት ያህል እሷ ጋ ቆይቷል።

እኔ ሁለተኛ አዝዣለሁ። ይሄኛው ለሻወር ነው፣ አጠር ያለ፣ ውኃ እንዲያልፍ መቀመጫው ክፍተት ያለው፣ ቅርጻ ቅርጽ የሌለው። የእጅ መያዣ ቀዳዳውንም አልረሳሁም። 3,000 ብር ብለውኛል። ቅዳሜ ና ብለውታል ወንድሜን፤ ከደረሰ ፎቶውን እለጥፋለሁ።